ሦስት ጊዜ መዝኚ

እኔ ቀናተኛ አይደለሁም እያልኩ አስራ አንድ ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ። ለካ የሚያስቀና ሰው ስላልመጣብኝ ነው! መጣ፤ መነጽር አድርጎ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ "እንዴት አደሩ" እያለ መጣ።

ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ማን እንደሆንኩ ልናገር። የነዳጅና የጋዝ ጉድጓድ ቆፋሪ ነኝ። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቁፋሮው ማማ ሥር ቆሜ የመቆፈሪያውን ቧንቧ የሚገታውን ፍሬን ይዣለሁ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ስለሚል ሠራተኛው "ነጎድጓድ" ይለኛል። ትንሽ የምለው እኔ ነኝ፤ አማቴ ግን "ይሄ ሰው ጨው አቀብሉኝ ሲል ሰፈር ለእሳት አደጋ ይሮጣል" ይላሉ። አማቴ ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ምላሳቸውም አብሯቸው።

ባለቤቴ እዚያው ጣቢያ ውስጥ፣ ጭቃ ላቦራቶሪ፣ ዕቃ አጣቢ ነበረች። ጭቃ ስል የክረምት ጭቃ እንዳይመስላችሁ። ጉድጓድ ስንቆፍር አንድ ከባድ ብጥብጥ በቧንቧው ውስጥ በፓምፕ ወደ ታች እንልካለን፤ እሱም በቧንቧው ዙሪያ አድርጎ የተቆፈረውን ፍርስራሽ ተሸክሞ ይመለሳል። እሱ ነው ጭቃው። ታች ያለውን ጋዝ ተጭኖ የሚይዘው የሱ ክብደት ነው። ቀልሎ ከተመለሰ ጋዝ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ጋዝ ገባ ማለት ደግሞ ጉድጓዱ ሊራገጥ ነው። እኛም "ርግጫ" ነው የምንለው። ቶሎ ካልደረሱበት ማማውንም፣ ማማው ላይ ያለውንም ሰው ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ላቦራቶሪው በየግማሽ ሰዓቱ ጭቃውን ይመዝንና ለቆፋሪው በስልክ ይናገራል።

ባለቤቴ የፈለገችው ያንን መመዘን ነው። ስድስት ዓመት ሰው የመዘነበትን ዕቃ ስታጥብ ኖራለች። የማጠቢያው ኬሚካል የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል፤ ቅባት ስትቀባ "እስስ" ስትል እሰማለሁ። አንድ የመዛኝነት ቦታ ሲከፈት ደንቡ ዕድሜው ከአርባ ያለፈ አይወዳደርም ይላል። እሷ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወሯ ነው። "ይሄ ካለፈኝ ጡረታ እስክወጣ አጣቢ ነኝ" አለችኝ። ፈተናው የቃል ነው። መቶ አርባ የሙያ ቃላት የተጻፉበት ዝርዝር ሰጧት፤ እያንዳንዱን ቃል፣ ትርጉሙንና ያ ነገር ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ማወቅ አለባት።

ዝርዝሩን ይዛ መጀመሪያ የመጣችው ወደኔ ነው። ይሄንን አልደብቅም። ከሥራ ገብቼ ቦቲዬን ሳወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለችና "እስቲ አስረዳኝ" አለች።

"ይሄ በእጅ እንጂ በወረቀት አይለመድም" አልኳት። "እኔ ወረቀት ሸምድጄ ነው ፍሬን የያዝኩት? ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስጮህ ውዬ እቤቴም ልጩህ?"

ወረቀቷን አጣጥፋ ተነሳች። ምን አለበት አፌን ቢይዝልኝ! በማግስቱ ዝርዝሩን ለባለ መነጽሩ ወሰደችው።

ባለ መነጽሩ አዲሱ የጭቃ መሐንዲሳችን ነው። ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። አጣቢዋንም የጣቢያውን አለቃም እኩል "እባክዎ" ይላል። ሰው ሲያናግር ዓይን ዓይኑን እያየ ነው፤ ሲሰማም ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል። እኔ ደግሞ ሲያወሩት ራሱን የሚነቀንቅ ወንድ ድሮም አልወድም። ምን ሊጠቅመው ነው እንደዚያ የሚሰማው?

አንድ ቀን ጓንት ላመጣ ብዬ በላቦራቶሪው መስኮት በኩል ሳልፍ ሳቅ ሰማሁ። የማውቀው ሳቅ ነው፤ ግን ከሰማሁት ቆይቻለሁ። ባለቤቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያን ቀን አልሸፈነችም፤ ጥርሷን እስከ መንጋጋዋ አየሁት። ጆሮዬን ቀሰርኩ። ባለ መነጽሩ የቃላቱን ዝርዝር ይዞ የእንስሳቱን ስም እያነበበላት ነበር። ማማው ጫፍ ላይ ሰው የሚቆምበት ጠባብ ሳንቃ "የዝንጀሮ ሳንቃ" ነው የሚባለው፤ ወለሉ ላይ ቧንቧ የምናቆምበት ቀዳዳ "የአይጥ ጉድጓድ" ነው፤ እኔ የምቀመጥባት ክፍል፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ "የውሻ ቤት" ናት፤ ጉድጓድ ውስጥ ተሰብሮ የቀረ ብረት "አሳ"፣ የቱቦ መጥረጊያው ደግሞ "አሳማ" ነው። እኔ አልፈጠርኩትም፤ የሙያው ቋንቋ ነው።

"እንግዲህ ይሄ የቁፋሮ ጣቢያ ሳይሆን የኖኅ መርከብ ነው" ብሎ ቀጠለ ባለ መነጽሩ፣ "ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የገቡት።" ባለቤቴ ጠረጴዛውን ይዛ ፍርፍር አለች።

ያ ቀልድ የኔ ነው! አዎ፣ የኔ! የዛሬ አስር ዓመት ማማው ሥር የተናገርኩት ነው፤ ሠራተኛው እየተቀባበለ አድርሶለት ነው። ለሷ ግን አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። እቤት ስገባ ቀልድ አልቆብኝ ነው የምገባው። በገዛ ቀልዴ፣ በሌላ ሰው አፍ፣ ሚስቴ ስትስቅ ቆሜ አየሁ። ጓንቱንም ሳልወስድ ተመለስኩ፤ ያን ቀን የብረቱ ጫፍ መዳፌን ጫረኝ፣ እሱንም በልቤ በባለ መነጽሩ ላይ ጻፍኩት።

በሳምንቱ ደግሞ ቤቴ መጣ። እኔ የለሁም፤ መጽሐፍ ሊያደርስላት ነው አሉ። ከሥራ ስገባ የኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። አማቴ ናቸው ያስቀመጡት፤ ስኳር ራሳቸው እየጨመሩለት። ገና በሩን ስከፍት ብድግ አለ።

"ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ወንበርዎን ይዤብዎት ነው።"

"ጋሼ" ማለቱ ራሱ አበገነኝ። በስድስት ዓመት ነው የምበልጠው! "ተቀመጥ፣ ወንበር አያልቅም" አልኩና ቆምኩ። እሱም ቆመ። ሁለታችን እንደ ምሰሶ ቆመን ቀረን፤ አማቴ መሐል ተቀምጠው አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያሉ።

"ባለቤትዎ በጣም ጎበዝ ናቸው" አለኝ። "አንዴ የነገርኳቸውን አይረሱም።"

"አውቃለሁ" አልኩት። አላውቅም ነበር።

ሲሄድ በሩን ከወትሮው ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት። አማቴ "በሩ ምን አደረገህ?" አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው "ወንድ ልጅ ሚስቱ ምን እንደምትችል ከጎረቤት ከሰማ፣ ጥፋቱ የጎረቤት አይደለም" አሉ። ለኔ እንደሆነ ገብቶኛል። አልገባኝም አልኩ።

"ከነገ ጀምሮ የማስጠናሽ እኔ ነኝ" አልኳት ባለቤቴን።

"አንተ? ትጮህብኛለሃ።"

"አልጮህም!" አልኩ። እየጮህኩ።

አስጠናኋት። በየቀኑ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ታጥቤ፣ ጠረጴዛው ላይ። ይሄንን ስናገር እኔም ይገርመኛል፤ እነዚያ ቀናት ደስ ይሉ ነበር። የፓምፑን ምት ለማሳየት ጠረጴዛውን በጣቴ ስመታ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ቧንቧ ሲጣበቅ ፍሬኑ እጅ ላይ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ክንዷን ይዤ አሳየኋት። "እንዲህ ስትሆን ነው እንዴ የምትውለው?" አለችኝ። አስራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም።

አንዲት ነገር ብቻ ነበረች የምትለበልበኝ። አንድ ነገር ባስረዳኋት ቁጥር "አዎ፣ እሱም እንዲህ ነው ያለኝ" ትላለች። ወይም "እሱ ግን በዚህ በኩል ነው ያስረዳኝ።" እሱ፣ እሱ፣ እሱ! ስም እንኳ አትጠራም። ሚስቴ "እሱ" የምትለው ሌላ ሰው አገኘች ማለት ነው። ድሮ እኮ፣ እናቷ እኛ ዘንድ ሳይገቡ፣ እሳቸውን ልትጠይቅ ስትሄድ "እሱ ይራበዋል፣ ልሂድ" የምትለው እኔን ነበር። ጥርሴን ነክሼ አለፍኩት። አስር ቀን ሙሉ አለፍኩት።

በአስራ አንደኛው ቀን ሰማንያ ሰባተኛው ቃል ላይ ደረስን። "የቀለለ ጭቃ።" ትርጉሙን በትክክል ነገረችኝ። ከዚያ ወረቀቷን አየችና "ጭቃው ቀልሎ ሲመጣ መዛኝ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ ወዲያውኑ ለቆፋሪው መደወል ነው። ድጋሚ መመዘን ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ይሄንን ሦስት ጊዜ አስምሮበታል" አለች።

ትክክል ነው። ከትክክልም ትክክል ነው። ይህቺን የማያውቅ ሰው ላቦራቶሪው ደጃፍ መድረስ የለበትም። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተሰመሩትን ሦስት መስመሮች ነበር የማየው። የሱ እጅ ነው። የሷ ወረቀት ላይ፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ።

"ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ነው" አልኩ። "እሱ እዚያ ላይ ቆሞ ያውቃል? መዛኝ አንዴ ቀለለ ብሎ ከደወለ፣ ኋላ ምንም ካልሆነ፣ መሳቂያ ነው የሚሆነው። ቆፋሪ ሁለተኛ አያምነውም። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ መዝኚ። ሦስቱም ከቀለለ ያኔ ደውዪ።"

"እርግጠኛ ነህ?" አለች።

"አስራ ዘጠኝ ዓመት ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?"

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ላጲሷን አንስታ የሱን አጠፋች። ሦስቱንም መስመር። በላዩ ላይ በሷ እጅ "ሦስት ጊዜ መዝኚ" ብላ ጻፈች። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ላጲሱ ሲፈገፈግ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ሙዚቃም አይደርስበት። ያን ቀን እራት ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ፤ አማቴ እንኳ "ዛሬ ምን አግኝተህ ነው?" አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ ላይ ፍሬኑን ስይዝ ደቂቃውን ማስላት ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ መመዘን ማለት ሦስት ጊዜ ዕቃ ማጠብ፣ መሙላት፣ መክደን፣ መጥረግ፣ ማመዛዘን ነው። ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ጋዝ በሩብ ሰዓት ምን እንደሚሠራ ከሁሉም ሰው በላይ እኔ ነኝ የማውቀው። አንድ ጊዜ ጭቃው ከቀለለ በኋላ ፓምፑን አቁመን ጉድጓዱን የዘጋነው በስድስተኛው ደቂቃ ነበር፤ ሁለት ሰው በቃሬዛ ወጣ፣ አንደኛው እስከ ዛሬ በግራ ጆሮው አይሰማም። ስድስት ደቂቃ ነው እንግዲህ። እኔ ሚስቴን ሩብ ሰዓት አስተማርኳት።

ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ሆነ። ምን ብዬ ልንገራት? ቀንቼ ዋሸሁሽ ልበላት? ይህቺ አንዲት ነገር እኮ ለፈተናም ላትመጣ ትችላለች፤ ከመቶ አርባው የሚጠይቁት ሠላሳ ነው። ካለፈች በኋላ በጨዋታ መሐል አርማታለሁ። ደግሞስ ጭቃው ቢቀል እኔ ከፍሬኑ ላይ ሆኜ አላውቀውም? ሰው ራሱን ሲሸነግል ምክንያት አያልቅበትም።

በሦስተኛው ቀን ግን ቆረጥኩ። እውነቴን ነው፣ ቆርጬ ነው እቤት የገባሁት። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ታያለች። ጓንት አድርጋለች፤ ውስጡ በጨርቅ የተለበጠ፣ እስከ ክርን የሚደርስ አዲስ ጓንት።

"ከየት ነው?" አልኩ።

"እሱ ነው ከዕቃ ግምጃ ቤት ጠይቆ ያስመጣልኝ። ጣቶቼን አይቶ፣ 'በዚህ እጅ እንዴት ያጥባሉ' አለኝ። ለአጣቢዎች ሁሉ ነው ያስመጣው።"

ለሁሉም ይሁን አይሁን አልሰማሁም። የሰማሁት "ጣቶቼን አይቶ" ያለችውን ነው። እኔ ስድስት ዓመት "እስስ" ስትል ሰምቻለሁ። ሰምቼ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኝቻለሁ። ጓንት ማስመጣት ይቻል ነበር፤ ለእኔ ሠራተኞች በየወሩ ጓንት አስፈርሜ የማወጣው እኔ አይደለሁም እንዴ! ዓይኔ ደም ለበሰ። በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱ አይለዩም። ልነግራት የመጣሁትን ዋጥኩት። "መልካም ጓንት ነው" ብዬ ወጣሁ።

ፈተናው በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፣ ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ። እኔ እዚያ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው፦ የጣቢያው አለቃ፣ ባለ መነጽሩ፣ አንድ ቆፋሪ። ቆፋሪው የሚገባው በጣቢያችን ሕግ ነው። ለመዛኝነት የተፈተነ ሰው ቆፋሪ ካልፈረመለት አያልፍም፤ ቅጹ ላይ ያለችው ቃል አጭር ናት፦ "በዚህ ሰው ቃል ፓምፕ አቆማለሁ።" ሊቀመጥ የነበረው የሌላኛው ፈረቃ ቆፋሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አስር ቃል ስለማይናገር "ዝምታው" እንለዋለን። ጠዋት ላይ ቧንቧ ተጣብቆበት መውጣት አልቻለም። አለቃው እኔን አስጠራኝ።

"ሚስትህ መሆኗን አውቃለሁ" አለኝ፤ "ሌላ ቆፋሪ የለኝም። ጥያቄ አትጠይቅም፣ አትናገርም። መጨረሻ ላይ ለመፈረም ህሊናህ ከፈቀደ ትፈርማለህ።" ከዚያ ሳቀና "ካልፈረምክ ምሳ የለህም መቼም" አለ።

እሷ የክት ቀሚሷን ለብሳ ገባች። እኔን ስታይ ትንሽ ደነገጠች፣ ቀጥሎ ፊቷ በራ። አጠገቧ ሰው እንዳለላት ሁሉ ትከሻዋን ዘረጋች። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ።

ጠየቋት፣ መለሰች። የዝንጀሮ ሳንቃውን፣ አሳውን፣ የጉድጓዱን መዝጊያ፣ የፓምፑን ምት ሁሉ መለሰች። ጠረጴዛውን በጣቷ እየመታች አሳየቻቸው፣ ልክ እኔ እንዳሳየኋት። አለቃው ወደኔ ዘንበል ብሎ "ይህቺን ሴት የት ደብቀሃት ነው?" አለኝ። ሃያ ስድስት ጥያቄ፣ ሃያ ስድስት መልስ። እግዜር ይስጥህ፣ ብቻ ያቺን አትጠይቃት እያልኩ በሆዴ እለምናለሁ።

ባለ መነጽሩ ወረቀቱን ገለበጠ። "ጭቃው ቀልሎ ተመለሰ። መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?"

"ደግሜ እመዝናለሁ" አለች። "ሦስት ጊዜ። ሦስቱም ከቀለለ ለቆፋሪው እደውላለሁ።"

ባለ መነጽሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገ። "እንደገና ልጠይቅዎት። ቀልሎ መጣ። መጀመሪያ?"

"ሦስት ጊዜ እመዝናለሁ" አለች፤ አልተንቀጠቀጠችም።

አለቃው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ይሄ ሌላውን ሁሉ ይሰርዘዋል። በዚህ መልስ ሰው አናስገባም፣ ሰው ይሞታል።"

"እኔ እኮ እንዲህ አላስተማርኩዎትም" አለ ባለ መነጽሩ።

"አዎ፣ እርስዎ ወዲያው ይደውሉ ነው ያሉኝ። ግን እርስዎ እዚያ ላይ ቆመው አያውቁም። ቆሞ የሚያውቅ ሰው ነው የነገረኝ።" ወደኔ አላየችም። ስሜን አልጠራችም። እየወደቀችም ስሜን ደበቀችልኝ!

ባለ መነጽሩ ፈገግ አለ፤ የሚያሳዝን ፈገግታ ነው። "አለቃ፣ ሁሌም እንዲህ ናቸው። የነገርኳቸውን ሁሉ 'ቆይ፣ እሱን እቤት ጠይቄ ልምጣ' ነው የሚሉኝ። ባለቤታቸው ሳያጸድቁት አንድ ቃል አይጽፉም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን ሰው አንድ ቀን እንዲህ ቢያምነኝ ብዬ ቀንቻለሁ።"

ለካ እዚያም ሄዳ "እሱ፣ እሱ" ስትል ነበር የከረመችው። እሱ የምትለው ደግሞ እኔን ነው።

አለቃው ዞሮ አየኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ መውጫ ሰጠኝ። "ሌላ ነገር ነግረሃት እሷ አዛብታው ይሆናል፣ አይደል? በጥናት ብዛት ይደበላለቃል።"

አዎ ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል ናት። አዎ ካልኩ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ስሜ ንጹህ ሆኖ ይተርፋል፣ እሷ ወድቃ ወደ ዕቃዋ ትመለሳለች፣ ባለ መነጽሩም ከእንግዲህ የሚያስጠናው ነገር የለም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ይሄንን የምናገረው እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ እውነት ምላሴ ላይ ስለነበረ ነው። ያኔ ነው ቀና ብላ ያየችኝ። ትጠብቃለች። መልሱ ትክክል ነው ብዬ እንዳስረዳቸው ነው የምትጠብቀው!

"አላዛባችውም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ አለቃው "ምን አልክ?" አለኝ። "አላዛባችውም። ጭቃ ሲቀል ወዲያው ነው የሚደወለው። እያወቅኩ ነው ያሳሳትኳት።"

"እያወቅክ? ለምን?"

"ቀንቼ።"

"በማን?"

በአገጬ ወደ ባለ መነጽሩ አመለከትኩ። "በኔ?" አለ ደረቱን ይዞ። የሚያስቅ ነገር ነበር፣ ማንም ግን አልሳቀም።

አለቃው እኔን ትቶ ወደሷ ዞረ። "ስሚኝ እህቴ። ሁሉንም እርሺው። ጭቃው ቀልሎ መጣ።"

ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። "እደውላለሁ" አለች።

"ለማን?"

"ለቆፋሪው።"

"ቆፋሪው ባልሽ ቢሆንስ?"

ወደኔ አልዞረችም። "ማንም ቢሆን እደውላለሁ" አለች።

አለቃው ቅጹን ሞልቶ ወደኔ ገፋው። "ከፍሬኑ ለስድስት ወር ተነስተሃል፤ ቧንቧ ትቆጥራለህ። እስከዚህች ሰዓት ግን ቆፋሪ ነህ፤ ፈርምላትና ሂድ።" እስክሪብቶውን አነሳሁ። የቆሰሉ ጣቶቿ መጥተው ወረቀቱ ላይ አረፉ።

"አንተ አትፈርምልኝም" አለች። "ዝምታው እስኪወጣ እጠብቃለሁ።"

እስከ ዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ደጃፍ ቁጭ ብላ ጠበቀች። እኔም ራቅ ብዬ ቁጭ አልኩ። ዝምታው ግራሶ በግራሶ ሆኖ መጣ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቃት፣ ፈረመላት። አብረን ወደ ቤት መንገድ ጀመርን።

"ቅናትህን እችለው ነበር" አለች መንገዱን ስናጋምስ። "ብትጮህብኝ፣ ወረቀቴን ብትቀድድ እችለው ነበር። ግን እኔ ታች ሆኜ ሦስት ጊዜ ስመዝን አንተ እላይ ቆመህ ነው እኮ። በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር። ይሄን አላሰብከውም?"

"አስቤዋለሁ" አልኩ።

ያንን ባልናገር ይሻል ነበር። ቆማ አየችኝ፤ አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።

አሁን መዛኝ ናት። የዝምታውን ፈረቃ መርጣ ነው የገባችው። እኔ ቧንቧ እቆጥራለሁ፤ ሠራተኛው "ነጎድጓድ" ማለቱን ትቷል፣ የሚያስገመግም ነገር የለኝማ። ባለፈው ፈረቃ ስንቀያየር ዝምታው ከመቼም በላይ አወራኝ። "ትናንት ሚስትህ ቀለለ ብላ ደወለች። ፓምፕ አቆምኩ። አስር ደቂቃ ጠበቅን። ምንም አልነበረም፤ ሚዛኑ ውስጥ አረፋ ገብቶ ነው።"

"ሳቃችሁባት?" አልኩት።

"ለምን እንስቃለን? አመሰገንኳት።"

ባለ መነጽሩን ረስቼዋለሁ፤ ዛሬ የምቀናው በዝምታው ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ስልኩ ይጮሃል፣ እሷ ቁጥር ትናገራለች፣ እሱ "እሺ" ይላታል። በቃ፣ ሌላ የላቸውም። እኛ ቤት ውስጥ ክፉ ቃል የለም፤ ምግቤ ይቀርባል፣ ልብሴ ይታጠባል፣ አማቴም እንኳ ምላሳቸውን ሰብስበዋል። ዛሬ ለሥራ ስትወጣ ጓንቷን እየፈለገች "ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። "አስራ አንድ ከሩብ" አልኳት። "እሺ" አለችና፣ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።